ያለ ዋና ልብስ

ወይዘሮ ዋጋነሽ የሚዋኙት በሰያፍ ነው። ከመዋኛው አንድ ጥግ ተነሥተው በተቃራኒው ጥግ ይወጣሉ እንጂ፣ እንደ ሌላው ሰው በተሰመረው ሰማያዊ መስመር ቀጥ ብለው ሄደው ቀጥ ብለው አይመለሱም። ልማዱ የጎጀብ ነው። በልጅነታቸው በከፋ፣ ከወንዙ ዳር ሲኖሩ፣ አባታቸው ያስተማሯቸው የሚወጡበትን ስፍራ ሳይሆን ከእርሱ ከፍ ያለውን እያዩ መዋኘትን ነበር፤ ቀሪውን ወራጁ ውኃ ራሱ ይሞላዋልና። ከአየር ጤና ወደ ዘነበወርቅ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ያለው የስፖርት ማእከል መዋኛ ግን ወራጅ የለውም። ስለዚህ ወይዘሮ ዋጋነሽ ሁልጊዜ የሌሎችን መስመር ያቋርጣሉ።

«እትዬ፣ እዚህ እኮ ወራጅ የለም» ይላቸዋል የዋና አሠልጣኙ ሮቤራ።

«የለም፤ ክንዴን ግን ማን ያሳምነው?» ይሉታል እሳቸውም፣ አገጫቸውን ወደ ውኃው ሳያወርዱ።

ዕድሜያቸው ስድሳን ተሻግሯል። አየር ጤና ላይ የቅቤና የቅመማ ቅመም ሱቅ አላቸው። ረቡዕ ረቡዕ ማለዳ፣ ሱቁን ከመክፈታቸው በፊት፣ ወደ መዋኛው ይሄዳሉ። ይህን የጀመሩት ባላቸው አቶ አየለ ካረፉና የሐዘኑ ልብስ ከወለቀ በኋላ ነው። አቶ አየለ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በተጋቡ ሰሞን ግን፣ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ቆመው ሳለ፣ «ያገባች ሴት ውኃ ውስጥ ምን ትፈልጋለች?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው መልስ የሚጠብቅ አልነበረም፤ ሙሽራዪቱም አልመለሰችም። ልጆች ተወልደው፣ አድገው፣ ከቤት እስኪወጡ ድረስ ውኃ ከባልዲ በቀር ሌላ መልክ አልነበረውም። ባላቸውን ከቀበሩ በኋላ ወይዘሮ ዋጋነሽ ከራሳቸው ጋር አንድ ነገር ተማከሩ፤ ውኃን በሰው ቃል አንድ ጊዜ ትተውታል፤ ሁለተኛ አይተዉትም።

መጀመሪያ የገቡት በጥጥ ቀሚስ ነበር። ሮቤራ ጥጥ ክር እንደሚጥል፣ ክሩም የውኃውን ማጣሪያ እንደሚደፍን፣ ልብሱም ሲርስ ከብዶ ወደ ታች እንደሚጎትት በትሕትና አስረዳቸው። ነገሩ እውነት ስለ ነበረ አልተከራከሩም። በማግስቱ ልብስ ሰፊው ገረሱ ዘንድ ሄደው ጥቁር የጃንጥላ ጨርቅ የስፌት መኪናው ላይ አኖሩለት። ጃንጥላ ክር አይጥልም፤ ውኃም አይይዝም።

«ከአንገት እስከ ጉልበት በታች ስፋልኝ፤ እጁ እስከ ክርን ይሁን፤ ከሥርም ሱሪ ይኑረው» አሉት።

ገረሱ ጨርቁን አገላብጦ አየ። «እጀታስ ላስገባበት?»

«አንተ ብቻ ስፌቱን አጥብቀው።»

ሰፋው። ልብሱ ሲደርቅ እጥፍጥፍ ብሎ ከአንድ ፌስታል አይበልጥም ነበር። ወይዘሮ ዋጋነሽም ከውኃ በቀር ለሌላ ነገር ለብሰውት አያውቁም።

ይህን አጥብቃ የተቃወመች የባላቸው እኅት ዘመነች ነበረች። ሱቋ ከሱቃቸው አጠገብ ስለሆነ፣ ረቡዕ ረቡዕ ፀጉራቸው ርሶ ሲመጡ ታያቸዋለች።

«ጃንጥላሽን ለብሰሽ መጣሽ?» አለቻቸው አንድ ቀን። «ጉባኤ ፊት ቆማ ቃሉን የምታነብ ሴት፣ ከጎረምሳ ጋር ስትንቦጫረቅ! ሰው ምን ይላል?»

«የማነበው በአፌ ነው፤ የምዋኘው በክንዴ። እስከ ዛሬ አልተጣሉም።»

«ወንድሜ ቢኖር…»

«ወንድምሽ በነበረበት ጊዜ ትቼልሽ የለ? አሁን የለም። ሱቅሽን ጠብቂ።»

በሴቶች መልበሻ ክፍል ውስጥ ግን ማንም አይነቅፋቸውም ነበር። እዚያ ወሬው ሌላ ነው፤ ማን የት መዋኘት እንደሚወድ ይወራል። አንዷ የወሊሶን ፍል ውኃ ታነሣለች፤ ሌላዋ ሶደሬን። ራኬብ የምትባል የባንክ ሠራተኛ፣ ሰውነቷ ሞላ ያለ ዐይን አፋር ወጣት፣ ከሁሉ የምትወደው ላንጋኖን ነው።

«ውኃው ቡናማ ነዋ» ትላለች። «ከአንገቴ በታች ማንም አያየኝም። እዚህ ግን መስተዋት ውስጥ የገባሁ ነው የሚመስለኝ። እርስዎስ እትዬ?»

«እኔ የሚሄድ ውኃ ነው የምወደው። የቆመ ውኃ እኔን ይጠብቃል፤ የሚሄደውን ግን እኔ ነኝ የምጠብቀው።»

«ታዲያ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ጎጀብ አየር ጤና ድረስ አልመጣልኝም።»

ባሮክ የማእከሉ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ የመጣው በቅርቡ ነው። ግቢውን ዘመናዊ አደርጋለሁ ብሎ ነበር የተነሣው፤ በርግጥም ጥቂት በጎ ነገር ሠራ። ውኃው ጠራ፤ የተሰበሩት መታጠቢያዎች ተጠገኑ። ቀጥሎ ግን በመግቢያው ላይ የመስተዋት ሣጥን አቁሞ ከውጭ የመጣ የመዋኛ ልብስ ይሸጥበት ጀመር፤ የሚዋኙትንም በስልኩ እየቀረፀ ቲክቶክ ላይ ያወጣ ነበር። ሰው ወደ ውኃ የሚገባው ሊነጻ፣ ሊበረታ ወይም ደስ ሊለው ነው። ሊታይ ብቻ የሚገባ ሰው ገላው ቢርስም ዋናን አልቀመሰውም። ባሮክ ይህን የሚለይ ሰው አልነበረም፤ በቀረፀው ምስል መካከል ጥቁር የጃንጥላ ጨርቅ በሰያፍ ሲያልፍ ባየ ጊዜ ግን ተቆጣ።

በሚቀጥለው ረቡዕ በበሩ ላይ እንዲህ የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ተገኘ፦ «ያለ ዋና ልብስ መግባት ክልክል ነው።»

የእኛ ፊደል ሲጠብቅና ሲላላ መልኩን አይለውጥም። «ዋና» የሚለው ቃል ናው ሲላላ በውኃ ላይ መንሳፈፍና መቅዘፍ ነው፤ ናው ሲጠብቅ ደግሞ አለቃ፣ አውራ፣ ከሁሉ የሚቀድም ማለት ነው። አንባቢ ከዐውዱ ይለያል። የበሩ ጥበቃ ደግፌ ግን ዐውዱ ሌላ ነበር። በዚያ ግቢ ሲኖር ያየው ጽሑፍ ሁሉ «ዋና በር»፣ «ዋና ሥራ አስኪያጅ»፣ «ዋና ገንዘብ ያዥ» የሚል ነው።

«እትዬ ዋጋነሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዛሬ አዲስ ትእዛዝ አለ» አላቸው፣ በሩን በእጁ ይዞ።

«ምን የሚል?»

«ያለ ዋና ልብስ አይገባም» አለ፣ ናውን አጥብቆ። «ሰው ክት ልብሱን ለብሶ ይምጣ ማለት ነው። ጨዋ ቦታ ሊያደርጉት መሰለኝ። ቅድም አንዱን በቱታ የመጣ መልሼዋለሁ፤ ተቆጥቶ ሄደ።»

ወይዘሮ ዋጋነሽ ማስታወቂያውን አዩት። ምን ለማለት እንደ ተጻፈም ወዲያው ገባቸው። እሑድ እሑድ በጉባኤ ፊት የሚያነቡ ሴት ናቸውና፣ መጥበቅና መላላት ምን እንደሚያደርግ ከማንም ይልቅ ያውቁ ነበር። አንድ ጊዜ «እግዚአብሔር አለ» የሚለውን፣ ተናገረ ለማለት አላልተው በማንበብ ፈንታ አጥብቀውት፣ ጉባኤው «አሜን፣ አለ» ብሎ አጨብጭቦ፣ ንባቡ በእልልታ ተቋርጧል። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ማታ ሳይለማመዱ ቆመው አያውቁም።

እንግዲህ ደግፌን ማረም ይገባቸው ነበር። ቢያርሙት ግን በሩ ይዘጋል። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ታዲያ እኔ ምን ጎደለኝ?» አሉት።

ደግፌ የተተኮሰ ቀሚሳቸውንና የነጣ ነጠላቸውን አየ። «እርስዎማ ምን ይጎድልዎታል» ብሎ በሩን ከፈተ።

ውኃው ያን ቀን ብርድ ነበረው። ከጥግ ወደ ጥግ ጥቂት እንደ ተመላለሱ ባሮክ ከቢሮው ወርዶ ከመዋኛው ዳር ቆመ።

«ማዘር፣ በሩ ላይ ያለውን አላነበቡም?»

«አንብቤአለሁ።»

«ታዲያ?»

«ዋና ልብስ ይላል» አሉ፣ ናውን ከደግፌ ይልቅ አጥብቀው። «ከልብሴ ሁሉ ዋናው ይህ ነው።»

የሚዋኙት ሳቁ። ራኬብ አፏን ይዛ ወደ ውኃው ውስጥ ገባች። ባሮክ አልሳቀም። ወደ በሩ ሄዶ ደግፌን ጠየቀው፤ ደግፌም ከልቡ፣ ምንም ሳይጠረጥር፣ ያንኑ ንባብ ነገረው። ባሮክ አንድ ቀልድ ከሁለት አፍ ሲሰማ ተመካክረው የዘበቱበት መሰለው።

ወይዘሮ ዋጋነሽ ለብሰው ሲወጡ በሩ ላይ ሌላ ሰው ቆሟል። ደግፌን ያገኙት በጓሮ፣ ነፋሱ ከቆሻሻ መጣያው ከቆሼ በኩል ሲዞር ሽታው በሚመጣበት አጥር ሥር፣ ማጭድ ይዞ ነው።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ማንበብ አትችልም ተባልኩ፤ እትዬ። ሣር እንዳጭድ፣ ቀጥሎ ደግሞ እንደሚያሰናብተኝ ነግሮኛል» አለ። ቂም በፊቱ ላይ አልነበረም። «ግን እርስዎም እንደ እኔ ነው ያነበቡት፤ አይደለም እንዴ?»

ወይዘሮ ዋጋነሽ ፌስታላቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩና ወጡ።

ያን ሳምንት ቅቤ ሲመዝኑም ሆነ ሲተኙ ይህ ጥያቄ ተከተላቸው። በባሮክ ላይ ያላቸው ቁጣ አልበረደም፤ ነገር ግን ቁጣቸውን ንጹሕ አድርገው ሊይዙት አልቻሉም። እምቢ ያሉ መስሏቸው ነበር፤ ያደረጉት ግን እምቢታ አልነበረም። እምቢ የሚል ሰው የተባለውን በተባለበት ትርጉም ሰምቶ «አይሆንም» ይላል። እሳቸው ግን በሁለት መንገድ በሚነበብ አንድ ፊደል ተከልለው፣ ምንም የማያውቅ ሰው በተሳሳተበት ቀዳዳ ሾልከው ነበር። እሑድ ለንባብ ሲቆሙ ድምፃቸው ከወትሮው ዝግ አለ፤ እያንዳንዱን ቃል፣ የሚጠብቀውን አጥብቀው፣ የሚላላውን አላልተው፣ እንደ ዕዳ ከፈሉት።

ዘመነች ከጉባኤው ሲወጡ ቀረበቻቸው። «ሰማሁ። ከለከሉሽ አሉ። እግዜር ሲፈርድ እንዲህ ነው፤ አሁን አርፈሽ ትቀመጫለሽ።»

«ረቡዕ እሄዳለሁ።»

«በምን በኩል ልትገቢ?»

«በበሩ።»

ረቡዕ ማለዳ ፌስታሉን ይዘው በቀጥታ «ዋና ሥራ አስኪያጅ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን በር አንኳኩ። ባሮክ ብቅ አለ።

«አንድ ጊዜ ከእኔ ጋር ወደ ማስታወቂያህ ና፤ ልጄ።»

«ማዘር፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«እኔም ሱቄ ተዘግቶ ነው የመጣሁት።»

መጣ። ሮቤራም ከመዋኛው ዳር ቀረበ፤ ራኬብና ሌሎች ጥቂት ሰዎች በር ላይ ቆመው ነበር። ወይዘሮ ዋጋነሽ መነጽራቸውን አድርገው፣ በጉባኤ ፊት እንደሚያነቡ ቀና ብለው አነበቡ፦ «ያለ ዋና ልብስ መግባት ክልክል ነው።» ናውን አላልተውታል።

«ያሰብከው ይህን ነው፤ አይደለም?»

«አዎ። ተግባባን ማለት ነው።»

«ባለፈውም ገብቶኝ ነበር። ደግፌ ግን ከልቡ ነው የተሳሳተው። እኔ ላርመው ሲገባኝ በስሕተቱ ተሸሽጌ ገባሁ። ያሾፍኩብህ እኔ ነኝ፤ እሱ አይደለም። ወደ በሩ መልሰው።»

ባሮክ ይህን አልጠበቀም ነበር። «እሺ፤ ስለ ደግፌ አስብበታለሁ። እርስዎ ጥፋትዎን ካመኑ ጥሩ ነው» አለና በእጁ ወደ መንገዱ አሳየ።

«ጥፋቴን አመንኩ እንጂ ውኃውን መች ተውኩ?»

«ማዘር…»

«የዋና ልብስ ምንድን ነው?»

«ይኸው፣ መስተዋቱ ውስጥ ያለው።»

«እሱ የሚሸጥ ልብስ ነው። የዋና ልብስ የሚዋኙበት ነው» አሉና ፌስታሉን ከፍተው ጥቁሩን ልብስ አወጡ። «ይህን ለብሼ ገበያ ወጥቼ አላውቅም። ጉባኤ አልገባሁበትም፤ ለቅሶ አልደረስኩበትም። ከውኃ በቀር የትም የማይገባ ልብስ የዋና ልብስ ካልሆነ ምን ይባላል?»

«ጃንጥላ» አለ ባሮክ።

ሁሉም ሳቀ፤ ወይዘሮ ዋጋነሽም ፈገግ አሉ። «ጃንጥላም ቢሆን ለውኃ የተሠራ ነው። የአንተ ጨርቅ ለምን እንደ ተሠራ አንተው ታውቃለህ።»

ባሮክ ወደ ሮቤራ ዞረ። «ንገራቸው እስኪ። ማጣሪያው አለ፣ አደጋው አለ።»

ሮቤራ ልብሱን ተቀብሎ በሁለት ጣቱ አሸት አደረገው። «ክር አይጥልም። ውኃም አይይዝም። በእኔ በኩል መስመር ከመጣሳቸው በቀር ቅሬታ የለኝም።»

«እኔም ጥያቄ አለኝ» አለች ራኬብ፣ ፊቷ እየቀላ። ባሮክ ደጋፊ ያገኘ መስሎት ቀና አለ። «የሰፋው ሰው ሱቁ የት ነው?»

ሳቁ እንደገና ሲነሣ ባሮክ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ይህ ግቢ ደረጃ አለው። ሰው የሚያየው ነገር ነው። ለአንድ ሰው ብዬ ሕግ አልለውጥም፤ እኔ አልፈቀድኩም።»

«አልጠየቅኩህም» አሉት ወይዘሮ ዋጋነሽ፤ ድምፃቸውን አላነሡም። «ማጣሪያህን እንዳልጎዳ ተብዬ ልብሴን ቀይሬአለሁ፤ እውነት ነበርና ሰማሁ። ታጠቢና ግቢ ተብዬ ታጥቤአለሁ፤ እሱም ተገቢ ነው። ለውኃው የሚያስፈልገውን ሁሉ አድርጌአለሁ። ከዚያ ያለፈው የአንተ ዐይን ጉዳይ ነው፤ ለዐይንህ ደግሞ ዕዳ የለብኝም። ዱሮ አንድ ሰው፣ ከአንተ ይልቅ የምወደው ሰው፣ ‹ውኃ ውስጥ ምን ትፈልጊያለሽ?› ብሎኝ ዝም አልኩት። ዝም ባልኩበት ቀን ወጣት ነበርኩ። አሁን ዝም የምልበት ዕድሜ የለኝም።»

ልብሱን ከሮቤራ እጅ ወስደው ወደ ሴቶች መልበሻ ገቡ። ባሮክ ሊከተል አይችልም። ለብሰው፣ ታጥበው፣ ጥቁሩ ጨርቅ በጉልበታቸው ላይ ሿ ሿ እያለ ወጡና የብረት መሰላሉን ይዘው ወረዱ። ውኃው እስከ አንገታቸው ተቀበላቸው።

«ሮቤራ፣ አውጣቸው» አለ ባሮክ።

ሮቤራ ወደ ውኃው ተመለከተ። ወይዘሮ ዋጋነሽ የአንዱን መስመር ቆርጠው ወደ ሁለተኛው እየገቡ ነበር። «የሚሰጥመውን ሰው ነው የማወጣው» አለ። «እሳቸው አልሰጠሙም።»

ባሮክ ትንሽ ቆየና ወደ ቢሮው ወጣ። ያን ቀን ማንም አልቀረፀም።

በሳምንቱ ማለዳ ደግፌ በበሩ ላይ ነበር። ማስታወቂያውም ተለውጦ፣ «ያለ መዋኛ ልብስ መግባት ክልክል ነው» ይላል። ባሮክ በመጥበቅና በመላላት ዳግመኛ እንዳይዘበትበት ቃሉን በሚገባ መርጦታል።

«እትዬ፣ ዛሬስ እንዴት ይነበባል?» አለ ደግፌ፣ በጥንቃቄ። «ደግሜ እንዳልሳሳት።»

ወይዘሮ ዋጋነሽ መነጽራቸውን አደረጉና አነበቡ። መጥረጊያ የሚጠርጉበት፣ መቁረጫ የሚቆርጡበት እንደሆነ ሁሉ፣ መዋኛም የሚዋኙበት ነው፤ ሌላ ፍቺ የለውም።

«አንድ ንባብ ብቻ ነው ያለው» አሉት። «የሚዋኝበትን ልብስ ያልያዘ ሰው አይግባ ነው የሚለው። ሥራ አስኪያጁ በደንብ ጽፎታል።»

ደግፌ ፌስታሉን አየና እጁን ወደ በሩ ሰደደ። ወይዘሮ ዋጋነሽ ያዙት።

«ቆይ፤ ከመክፈትህ በፊት ሂድና ጠይቀው። በእኔ የተነሣ ዳግመኛ ሣር አታጭድም።»

«እምቢ ቢልስ?»

«እምቢታው በእኔና በእሱ መካከል ይሆናላ። እኔ እንደሆንኩ እዚሁ ነኝ።»

ደግፌ በባሮክ ቢሮ መስኮት ሥር ሄዶ ቆመና ወደ ላይ ተናገረ። ባሮክ በመስኮቱ ብቅ ብሎ በሩን አየ። ወይዘሮ ዋጋነሽ ልብሱን ከፌስታሉ አውጥተው፣ እንደሚዘረጋ ጃንጥላ ጧ አድርገው አራገፉና በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ያዙለት። ባሮክ ልብሱን አየ፤ ማስታወቂያውን አየ። አንድ ነገር ተናግሮ መስኮቱን ዘጋ።

ደግፌ ፈገግታውን እየዋጠ ተመለሰ። «በመስመራቸው ይዋኙ በላቸው፤ ብሏል።»

«መስመሬንማ ዐውቀዋለሁ» አሉ ወይዘሮ ዋጋነሽ።

በሩ ተከፈተ። ጥቂት ቆይቶ ጥቁሩ ልብስ በውኃው ላይ ታየ፤ ዐይናቸውን ከላይኛው ጥግ ላይ ተክለው፣ አገጫቸውን ከፍ አድርገው፣ ሰማያዊዎቹን መስመሮች አንድ በአንድ በሰያፍ እየቆረጡ ሄዱ።